የንጉሡ «ሠ» ዘበኞች

በቅርቡ በአንድ የዐረብ አገር በቤት ሠራተኝነት የምትኖር እህታችን የስምንት ወር ደመወዟን እንደተከለከለች፣ ፓስፖርቷም በአሠሪዋ እጅ እንደተያዘ ጽፋ የወገን ያለህ ብላ ነበር። ጽሑፏ ዐሥር መስመር አይሞላም። በስልክ፣ ያውም ተደብቃ የጻፈችው ለመሆኑ ያስታውቃል፤ ነጥብ የለውም፣ ቃል ከቃል ተጣብቋል፣ «ሠራተኛ»ን በእሳቱ ሰ ጽፋዋለች። ከመጡላት መልሶች የመጀመሪያው የጠበቃ ወይም የቆንስላ አድራሻ አልነበረም። ፊደል ቆጥራ እንድትመለስ የሚመክር ነበር። መካሪው በስሙ ፊት የዶክተርነት ማዕረግ ያስቀደመ፣ አማርኛውም የማይነቀፍ ሰው ነው።

ይህን ያነሣሁት ሰውዬውን ብቻ ለመውቀስ አይደለም፤ እንደ እርሱ ያለው ብዙ ነውና። ጥያቄው የቆየ ነው። ሰው በችኮላ፣ በወግና በጨዋታ መልክ በስልኩ በሚጽፈው ተራ ጽሑፍ ላይ የፊደልና የሰዋስው ግድፈት ምን ያህል ያስኮንነዋል? በውጭ አገር በምንኖረው ፊደል ቆጠርን በምንለው ሰዎች መካከል ሁለት ጎራ አለ። አንደኛው «ቋንቋችን ሞተ» ባይ ነው። ሁለተኛው «ሐሳቡ ከገባህ ምን ቸገረህ» ባይ ነው። እንደ እኔ እምነት ሁለቱም የዘለሉት ነገር አለ፤ ግድፈት ሁሉ አንድ አይደለም። አንባቢን ምንም የማያስከፍል ግድፈት አለ፤ ብዙ የሚያስከፍልም አለ። የሚገርመው ግን የምንሣለቀው በመጀመሪያው መሆኑ ነው። ሁለተኛውን ሳናየው እናልፈዋለን።

በመጀመሪያ ጭቅጭቅ ወደማያጣቸው ወደ ሞክሼ ፊደላት ልሂድ። ሃሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ፣ ብዙኃኑ ኀ፤ ንጉሡ ሠ፣ እሳቱ ሰ፤ አልፋው አ፣ ዐይኑ ዐ፤ ጸሎቱ ጸ፣ ፀሐዩ ፀ። በግዕዝ እያንዳንዳቸው ሥራ ነበራቸው። «ሰረቀ» በእሳቱ ሲጻፍ ሌብነት ነው፤ «ሠረቀ» በንጉሡ ሲጻፍ ወጣ፣ በራ ማለት ነው። «ሰአለ» ለመነ ነው፤ «ሠዐለ» ሥዕል ሣለ ነው። አማርኛ ግን የድምፆቹን ልዩነት ካጣ ብዙ ዘመን ሆኖታል። የጎንደርም ሆነ የሸዋ ሰው ሁለቱን ሰ በአፉ ለይቶ ሊያሰማችሁ አይችልም። እንግዲህ ጆሮ የማይለየውን እጅ ሊለይ የሚችለው ወይ ግዕዝ በመማር፣ ወይ ቃሉን በጥሩ መጽሐፍ ደጋግሞ በማየት ነው። ሞክሼን ጠንቅቆ መጻፍ የአእምሮ ብስለት መለኪያ አይደለም። የቄስ ትምህርት ቤት ወይም መጽሐፍ ያለበት ቤት ዕድል የገጠመው ሰው ምልክት ነው። በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ማታ ማታ በፋኖስ ፊደል የቆጠሩ እናቶች ዛሬ ባሕር ማዶ ላለ ልጃቸው በአንድ ጣት «ልጄ ደና ነክ» ብለው ሲጽፉ፣ እኔ በበኩሌ ፊደሉን ለመቁጠር ዐይኔ አይሄድም።

ሊቃውንቱም ቢሆኑ በዚህ ጉዳይ አንድ አልነበሩም። አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ደክመው ባዘጋጁት፣ ደቀ መዝሙራቸው ደስታ ተክለ ወልድም በ1948 ዓ.ም. ለኅትመት ባበቁት የግዕዝ መዝገበ ቃላት እያንዳንዱ ፊደል በቦታው እንዲጸና ተከራክረዋል። ደስታ ተክለ ወልድ በ1962 ዓ.ም. ያወጡትን የራሳቸውን መዝገበ ቃላት «ዐዲስ ያማርኛ መዝገበ ቃላት» ሲሉት «ዐዲስ»ን በዐይኑ ዐ ነበር የጻፉት። በዚህ ሚዛን ከሄድን የአገራችን ዋና ከተማ ስም በየሰሌዳው፣ በየማኅተሙና በየካርታው ላይ ተሳስቶ ነው የተጻፈው፤ «አዲስ አበባ» በአልፋው አ ነውና። በዚህ ምክንያት መንገድ የጠፋው ሰው አላውቅም። በሌላው ወገን ደግሞ ሐዲስ ዓለማየሁ አሉ። ሐዲስ የአጻጻፍ መሻሻል ደጋፊ ነበሩ፤ በ1958 ዓ.ም. በታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥም የሚጠብቀውን ፊደል በአናቱ ላይ ነጥብ እያስቀመጡ ለይተውታል። ወደዚህች ነጥብ ኋላ እመለሳለሁ። አሁን ልል የፈለግሁት፣ ኪዳነ ወልድና ሐዲስ በሚለያዩበት ጉዳይ አንዲት የቤት ሠራተኛን ማሸማቀቅ ነውር መሆኑን ነው።

የኮምፒዩተሩን ነገር ደግሞ እንመልከት፤ መሐንዲስ እንደመሆኔ ይህ ያገባኛል። የግዕዝ ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. በወጣው የዩኒኮድ ሦስተኛ እትም ውስጥ ሲገባ ሞክሼዎቹ ሁሉ የየራሳቸውን ቁጥር ይዘው ገቡ። ተገቢም ነው፤ የግዕዙ ቅርስ መጠበቅ አለበት። ነገር ግን ለማሽን «ሠ» እና «ሰ» የ«በ» እና የ«መ»ን ያህል የተራራቁ ናቸው። «ፀሐይ»ን እንውሰድ። የመጀመሪያው ፊደል በሁለት፣ ሁለተኛው በስድስት መንገድ ማለትም በሀ፣ በሃ፣ በሐ፣ በሓ፣ በኀ እና በኃ ሊጻፍ ይችላል። ሰው ዐሥራ ሁለቱንም አንድ አድርጎ ያነባቸዋል። «ኃይለ ሥላሴ» ሲሆን ስድስት ጊዜ ሁለት ጊዜ ሁለት፣ ሃያ አራት ነው። ሁለቱን ቃል አጣብቆ የሚጽፍም ስላለ አርባ ስምንት ይደርሳል። አንዱን አጻጻፍ ይዞ የሚፈልግ ሰው፣ ፍለጋው ሞክሼዎቹን እንዲያመሳስል ሆኖ ካልተሠራ በቀር፣ የቀሩትን አርባ ሰባቱን አያገኛቸውም። ስለ ንጉሡ ሠ ከቀረቡት መከራከሪያዎች ሁሉ እኔ ከልቤ የምቀበለው ይህን ነው። ዘበኞቹ ግን ሲያነሡት ሰምቼ አላውቅም። ደግሞም መፍትሔው ሰውን መሳደብ አይደለም። ሞክሼን ከሞክሼ የሚያመሳስል ሠንጠረዥ መሥራት አንድ የኮምፒዩተር ተማሪ በአንድ ከሰዓት በኋላ የሚጨርሰው ሥራ ነው። ማሽን ሊሸከመው የሚችለውን ሸክም በሰው ጀርባ ላይ አንጫንም።

ሌላም አለ። በድምፅ በሚሠሩት የመጻፊያ ሰሌዳዎች ላይ አብዛኛውን ጊዜ እሳቱ ሰ በአንድ ምት ይወጣል። ንጉሡን ሠ ለማምጣት ቁልፉን መድገም ወይም ሌላ ቁልፍ መጨመር ያስፈልጋል። የንጉሡን ሠ ዙፋን የነቀነቀው የትውልድ ስንፍና ነው ከማለታችን በፊት ይህችን አንዲት ምት እናስብ። ትንሽ ትመስላለች፤ በብዙ ሚሊዮን ጣት ስትባዛ ግን የፊደልን ዕጣ ትወስናለች።

ወደ ሐዲስ ነጥብ ልመለስ። ፊደላችን ማጥበቅና ማላላትን አያሳይም። «ልጁ ይመታል» ሲል መቺ ነው ወይስ ተመቺ? «ይሰማል» የሚያደምጠው ነው ወይስ የሚደመጠው? «አለ» ተናገረ ነው ወይስ ይገኛል? «ገና» በዓሉ ነው ወይስ ያልደረሰው ጊዜ? አንድም ግድፈት ሳይኖርባቸው፣ ኪዳነ ወልድ ቢያርሟቸው እንኳ ምንም የማይለወጥባቸው ቃላት፣ ሁለት ሁለት ትርጉም ተሸክመው ይሄዳሉ። እኛም ዕድሜ ልካችንን ከዐውዱ እየለየን ስናነባቸው ኖረናል። ታዲያ መቺና ተመቺን ከዐውድ ለይቶ የሚያነብ ሰው «ሰራተኛ» የሚለው ቃል በእሳቱ ሰ ስለተጻፈ ግራ ገባኝ ቢለኝ አላምነውም። ግራ አልገባውም። ሌላ ነገር ነው የገባው፤ ከእርሱ ያነሰ ሰው እንዳገኘ ነው።

በሙያዬ አንድ ዕቃ ሲነደፍ በእያንዳንዱ ልኬት አጠገብ ምን ያህል መብለጥ ወይም ማነስ እንደሚፈቀድለት ይጻፋል። ቶለራንስ እንለዋለን። ዘንጉ ኩሽኔታው ውስጥ የሚገባበት ቦታ በመቶኛ ሚሊሜትር ይጠበቃል፤ የክዳኑ ጠርዝ ግማሽ ሚሊሜትር ቢዛነፍ ግን ማንም አያየውም። ሁሉንም ቦታ በእኩል አጥብቆ ንድፍ ያመጣ ጀማሪ ጠንቃቃ አይባልም። ዕቃው ምን እንደሚሠራ አልገባውም ይባላል። ጠርዙን ሲያስተካክል ውሎ ዘንጉን የረሳ ደግሞ ከነጭራሹ ሥራ ይቀየራል።

የአማርኛ ዘንጉ ግሡ ነው። «ልጆቹን ወሰዱ» እና «ልጆቹ ተወሰዱ» ለየብቻቸው ግልጽ ናቸው። «ልጆቹ ወሰዱ» ቢባልስ? «ን» ወድቃ ነው ወይስ «ተ»? ወይስ ልጆቹ ራሳቸው አንድ ነገር ወሰዱ? «ታጣቂዎች ገደሉ» እና «ታጣቂዎች ተገደሉ» የሚለያዩት በአንዲት ፊደል ነው። ከ2020 እስከ 2022 እ.ኤ.አ. በቆየው የሰሜኑ ጦርነት ጊዜ ትግራይ ስልክና ኢንተርኔት ተቋርጦባት በነበረበት፣ ከወሎም ከአፋርም የተቆራረጠ ወሬ ብቻ ይደርሰን በነበረበት ወቅት፣ ስንቶቻችን ነን ከሁለት መስመር ጽሑፍ የዘመድ ነፍስ ስንፈልግ ያደርነው! በእንዲያ ያለ መስመር ላይ የ«ተ» መውደቅ የፊደል ጉዳይ አይደለም። ልብ በሉ፤ «ገደሉ»ም «ተገደሉ»ም ጤነኛ ቃላት ናቸው። ፊደል ለቃሚው ምንም የሚያርመው ነገር ስለማያገኝባቸው አልፏቸው ይሄዳል።

ሁለተኛው ጠበቅ ያለ ልኬት ጊዜ ነው፤ በተለይ ለእኛ ለስደተኞች። «ስብሰባው እሑድ በ3 ሰዓት ነው» ተብሎ ሲጻፍ ግማሹ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት በሐበሻ ይላል፤ ግማሹ በፈረንጅ አቆጣጠር ከሰዓት በኋላ ይመጣል። ስድስት ሰዓት ልዩነት! ዓመቱ ደግሞ ከዚህ የባሰ ነው። «የ97 ምርጫ» የምንለው ፈረንጅ 2005 የሚለው ነው። «በ2005» ብሎ ያለ «ዓ.ም.» ወይም ያለ «እ.ኤ.አ.» የሚጽፍ ሰው ስለዚያ ምርጫ ይናገር ወይም ከስምንት ዓመት ገደማ በኋላ ስለሆነ ነገር ይናገር፣ ውጭ አገር ያደገ ወጣት በምን ያውቀዋል? ይህ እንግዲህ የአገር ታሪክ የሚያዛባ ግድፈት ነው። በዚህ የተሣቀበት ሰው አላጋጠመኝም።

ሦስተኛው አማርኛን በላቲን ፊደል መጻፍ ነው። ስልኮቹ ግዕዝ በማያነቡበት ዘመን አማራጭ ስላልነበረ አይፈረድም ነበር። ነገር ግን የላቲኑ ፊደል ጠን ከተ አይለይም። «አባትህ መጣ» እና «አባትህ መታ» አንድ ይሆናሉ። «ገንዘቡ ጠፋ» እና «ልጁ ተፋ» ግሣቸው አንድ ዓይነት ይጻፋል። ይህ ከሞክሼ ጋር አይወዳደርም፤ ሞክሼ ድምፅ የሌለውን ልዩነት ያጠፋል፣ ላቲኑ ግን በአፋችን ያለውን፣ በጆሯችን የምንሰማውን ልዩነት ነው የሚያጠፋው። እንግዲያስ ዛሬ ስልኩ ሁሉ ግዕዝ እያነበበ ልጆቻችን ለምን በላቲን ይጽፋሉ? ጠይቄያቸው አውቃለሁ። አብዛኞቹ የሰጡኝ መልስ በፊደል ስንጽፍ ይሣቅብናል የሚል ነው። በሰንበት ትምህርት ቤት፣ ወላጅ በተራ እያስተማረ፣ ለጥቂት ዓመት ፊደል የቆጠረ የሲያትል ወይም የስቶክሆልም ልጅ «ህዝብ»ን በሃሌታው ሀ ሲጽፍ አጎቱ በቤተሰቡ ሁሉ ፊት ካሣቀበት፣ በሚቀጥለው ቀን በላቲን ይጽፋል። በሦስተኛው ቀን በእንግሊዝኛ ይጽፋል። ከዚያ ያው አጎት «ልጆቻችን ቋንቋቸውን ረሱ» ብሎ ሦስት ገጽ ጽሑፍ ያወጣል።

ከዚህ የሚከብድ ሌላ ነገር አለ፤ አንዳንዶች ቅር ሊሰኙብኝ እንደሚችሉ ባውቅም ልለፈው አልወድም። አማርኛ ለብዙ ሚሊዮን ኢትዮጵያውያን ሁለተኛ ቋንቋ ነው። አፋቸውን በኦሮምኛ፣ በትግርኛ፣ በሲዳምኛ ወይም በሶማሊኛ የፈቱ ወገኖቻችን አማርኛ ሲጽፉ የሚስቱት ሞክሼውን ብቻ አይደለም። ወንዴና ሴቴውን፣ ነጠላና ብዙውን፣ አንዳንዴም የአክብሮቱን አነጋገር ነው። «ብለዋል» በሚባልበት «ብሏል» ይላሉ፤ «እርስዎ» በሚባልበት «አንተ» ይላሉ። ይህኛው ግድፈት ዋጋ የለውም አልልም። ሽማግሌን «አንተ» ማለት ባልታሰበ ቦታ ጠብ ያስነሣል። ነገር ግን አንባቢው ጸሐፊው ማን እንደሆነ፣ አፉን በምን እንደፈታ ካወቀ ንቀት እንዳልሆነ ይረዳል። ስለ ጾታ ደግሞ ማንም እንዳይመጻደቅ፤ እኛው ራሳችን መኪናን፣ ቤትንና አገርን እንደ ስሜታችን አንዴ «እሱ» አንዴ «እሷ» እንላለን። ከአዳማ ወይም ከሐዋሳ የመጣ ሰው ስለ ፌዴራሊዝም ሲከራከር፣ ነገሩን ትተን «አማርኛህን አስተካክል» ስንለው እርሱ የሰዋስው ትምህርት አይሰማም። የሚሰማው «ይህ ቋንቋ ያንተ አይደለም» የሚል ቃል ነው። በዚያች ቅጽበት ክርክሩን ያሸነፍን ይመስለናል። ሰውዬው ግን ዳግመኛ በአማርኛ አይጽፍልንም፤ ምን እንዳሰበም አናውቅም። አማርኛ የጋራ መነጋገሪያችን ይሁን የሚል ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የተሰበረ አማርኛን በትዕግሥት መስማት መልመድ አለበት።

ማረም የለብንም እያልሁ አይደለም። መንገድ አለው። ትክክለኛውን ቃል በመልስ ውስጥ ጽፎ ማለፍ ይቻላል፤ ያስተዋለ ይማርበታል፣ ያላስተዋለም አልተዋረደም። ወይም በግል መላክ ነው። ከሁሉም በፊት ግን ሰውዬው የጠየቀው ጥያቄ ይመለስለት። ያቺ እህት የጠየቀችው ስለ ደመወዟ ነበር።

«ሐሳቡ ከገባህ» ለሚሉትም ቃል አለኝ። ገባኝ፤ ግን በማን ድካም? ጸሐፊው ደግሞ ባለማንበቡ አንድ ደቂቃ አተረፈ እንበል። አምስት መቶ ሰው ያንን ጽሑፍ ለመፍታት ግማሽ ግማሽ ደቂቃ ቢያጠፋ ከአራት ሰዓት በላይ ነው። ተደብቃ በሌሊት የምትጽፍ ሠራተኛ ያቺ ደቂቃ የላትም፤ ስለዚህ እኛ እንክፈልላት። ሞቅ ካለ ቢሮው፣ ከሰፊ ሰሌዳ ፊት ተቀምጦ ስለ ሽግግር መንግሥት የሚጽፍልን ሰው ግን ደቂቃ አለው። ያልተነበበ ጽሑፍ ልኮ «ዋናው ሐሳቡ ነው» ሲለኝ ለሐሳቡም ብዙ እንዳልደከመ እጠረጥራለሁ። ገንዘብ አዋጡ የሚል ማስታወቂያ ከሆነ ደግሞ የባንክ ቁጥሩም እንደ ፊደሉ ተዛንፎ እንዳይሆን እሠጋለሁ።

በመጨረሻ ወደ እኛው ወደ ምሁራን ልምጣ። እዚህ ላይ «ምሁራን» እንጂ «ምሁራኖች» አላልሁም፤ «ቃላቶች»፣ «ሕፃናቶች» የሚሉትን የሚያሳድዱ ወዳጆች ስላሉኝ ነው። በበኩሌ ድርብ ብዙ ቁጥር ማንንም ጎድቶ አላየሁም። የሚጎዳው ሌላ ነው። አማርኛ ግሡን ለመጨረሻ የሚያቆይ ቋንቋ ነው። ማን፣ መቼ፣ የት፣ በምን፣ ለምን የሚሉትን ሁሉ አንባቢው በእጁ ይዞ ግሡን ይጠብቃል። ዐረፍተ ነገሩ ዘጠኝ መስመር ሲሆንና አራት ነጥቡ ከገጹ ግርጌ ሲገኝ፣ ግሡ በደረሰ ጊዜ ባለቤቱ ጠፍቷል። ሞክሼዎቹ ሁሉ በየዙፋናቸው ተቀምጠዋል፤ ንጉሡም ብዙኃኑም አልተነኩም። ነገር ግን ሦስቴ ተነብቦ ማን ምን እንዳደረገ አይታወቅም።

አንዳንዴም እንዳይታወቅ ተብሎ ነው። «እርምጃ ተወስዷል»፤ «የሰው ሕይወት ጠፍቷል»፤ «ያልተገባ ድርጊት ተፈጽሟል»፤ «ስሕተቶች ታይተዋል»። ከመንግሥትም፣ ከተቃዋሚም፣ ውጭ አገር ካሉት ድርጅቶቻችንም የሚወጣ መግለጫ እንዲህ ባሉ ግሦች የተሞላ ነው። ሰዋስዋቸው ንጹሕ፣ ፊደላቸው የተጠነቀቀ ነው። እርምጃውን የወሰደው፣ ሕይወቱን ያጠፋው፣ ድርጊቱን የፈጸመው ግን በዐረፍተ ነገሩ ውስጥ የለም። እነዚህን በቀይ እስክሪብቶ አስምሮ «ማን?» ብሎ ከጎናቸው የጻፈ የፊደል ዘበኛ እስካሁን አላየሁም።